ሰባት ሰባት

ካሜራዋ ትንሽ ናት፣ ሸሚዝ ኪስ ትገባለች፤
አሸዋ ገበያ፣ ከቆሙ ሰዓቶች መሃል ተኝታ ቆየች።
ለአንድ ሰው ከበደች፣ ለአምስት ግን ቀለለች፤
ከዚያ ቀን ጀምሮ የአምስታችን ሆነች።

አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት፤ ለአምስት ሲካፈል፣ ሰባት ሰባት፤
አንዷ ትተርፋለች፣ ዕጣ የሚጣልላት።
ኢፍቱ ደብተር ይዛ ትጽፋለች፦ ማን፣ መቼ፣ ስንት አነሳ፤
ገጹ በማንጎ ጣቷ ቢጨማለቅም ቁጥር የማትረሳ።

ሪዝቃ ቀፊራ ወርዳ፣ በርበሬ ሻጮቹን ከነጃንጥላቸው፣
መጀመሪያ ታወራቸዋለች፤ ስማቸውን ይዛ ነው የምታነሳቸው።
ጌድዮን ድመት ብቻ፦ ከዚራ አጥር ላይ፣ ባጃጅ ጣራ፤
ብንስቅበትም አያፍር፣ በሚቀጥለውም ፊልም ድመት ነው በተራ።

ቶፊቅ ግን ቆጣቢ ነው። ያለፈውን ተራውን ለእኔ ለቆ፣
"ለአባዬ ነው የማቆየው" አለ፣ ሐሙስን ጠብቆ።
አባቱ ሠላሳ ዓመት በባቡሩ ጋራዥ፣ ቶርኖ ማሽን ላይ፣
ብረት ሲልጡ ኖረዋል፤ ጡረታቸው ሐሙስ ነው፤ ሄደ ያንን ሊያይ።

ሰባቱንም አነሳ።
ማታ ሲያስረክበኝ ቁጥሯ ሃያ ስምንት ትላለች፤
"አባዬ ሳቀልኝ" አለኝ፤ ያቺ ቃል ጆሮዬ ላይ አለች።

በማግስቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ድሬ በርጫዋን ይዛ ጋደም ስትል፣
ብጫናት፣ ብመታት፣ ሞተሯ ምንም አይል።
ባትሪ ነው ማለት አልመጣልኝም፤ ፊልሙ ተጠቅልሎ ያለቀ መሰለኝ፤
ጀርባዋን ከፈትኩት፤ ቡናማው፣ አንጸባራቂው፣ ተዘርግቶ ታየኝ።
አንድ የዓይን ቅጽበት።
ሐሙስ ራቁቱን ወጥቶ፣ ጸሐይ ስትልሰው አየሁ።
ዘጋሁት። ማንም የለም። ባትሪ ገዛሁ። የራሴን ሰባት አነሳሁ።

ሠላሳ ስድስተኛዋም፣ ዕጣዋ ለእኔው ወጣ፤
ጥላዬን አነሳሁባት፣ ከነጭ ግድግዳ ላይ አንገቱ ተቆርጦ የመጣ።

ፊልም የሚታጠበው አዲስ አበባ ነው፤ በሹፌር እጅ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ሄደ፤
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ፣ "መሃል ላይ የነደደ"
የሚል ወረቀት ይዞ።

ለገሀር ፊት፣ ኒም ዛፉ ስር፣ አግዳሚው ላይ ደረደርናቸው፤
የኢፍቱ ደረቅ ደቻቱ፣ የሪዝቃ ሴቶች፣ ድመቶቹ፣ ደህና ናቸው።
የእኔም ጠርተዋል፤ ምነው ተበላሽተው በነበር።
የቶፊቅ ግን ብርቱካን ነው፤ ስድስቱ እሳት ገባቸው፤
በመጀመሪያዋ ጥግ፣ ማሽን የሚያስነሳ እጅ፣ አራት ጣት ነው የቀራቸው።
ሳቁ የለም።

"ሙቀቱ ነው" አለ ጌድዮን። "ሙቀቱ ነው" አሉ ሁሉም፤
ድሬ ላይ፣ በሙቀት የማይላከክ ነገር የለም፦
ወተት ቢበላሽ፣ ትዳር ቢፈርስ፣ ሠራተኛ ቢያረፍድ፤
ሙቀትን ማን ይከሰዋል? ማንስ ያቆመዋል ከፍርድ?
ቶፊቅም ሙቀቱን ይቅር አለ፤
ያቺን የእጅ ፎቶ ብቻ አንስቶ፣ ከደረት ኪሱ ጣለ።

እኔን ግን ይቅር የሚለኝ የለም፣ የከሰሰኝ ስለጠፋ፤
ደብተሩ ላይ ስሜ አለ፦ ከሃያ ዘጠኝ እስከ ሠላሳ አምስት፣ አንድም ሳይከፋ።

ዛሬ አዲስ ፊልም ገብቷል። ተራው የእኔ ነው፤ ሰባት አለኝ።
ቶፊቅ ቤት ሄድኩ፤ አባቱ በር ላይ፣ በሽርጥ፣ ወንበር ሳቡልኝ።
ካሜራዋን ሰጠሁት፤ "ሰባቱንም ውሰድ" አልኩት፤
"ምነው፣ አንተስ?" አለኝ። እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

"ኧረ ሙቀቱ" አልኩ፣ ግንባሬን ጠርጌ፣
"በዚህ ሙቀት ማን ፎቶ ያነሳል፣ ምን ፈልጌ?"
አባትየው ይሄን ሲሰሙ፣ ጥርሳቸውን ገልጠው፣ ሳቁ፤
የቶፊቅ ጣቶች ገና ናቸው፣ ክዳኗን ለመክፈት ሲጨነቁ።